ጫማ ውስጥ ያደረችው መፍቻ

መጻፍ የማይችል ሰው ሲጽፍ የሚደክመው አንባቢው ነው። ይህን ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ሥራዬ ኮሪደር መወልወል ነው፤ እስክርቢቶ የምይዘው መግቢያ ላይ ስፈርም ብቻ ነው። "እንዲህ ያለውን ነገር የተማረ ሰው ይጻፈው" ብዬ የብርዱ ወራት እስኪያልፍ ጠበቅሁ። የጻፈ የለም። እንግዲህ ፊደሌ ቢጣመም፣ ነገሬ ወደ ኋላ ወደ ፊት ቢል፣ እንደ ወሬ አድርጋችሁ ተቀበሉኝ። የምነግራችሁ ስለ ስልክ ኦፕሬተራችን ነው። በሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ የማውቀውንም ያወቅሁት ራሷ ትንሽ በትንሽ ነግራኝ ነው። ልጽፈው ወይ ስላት "ጻፊው፤ እኔ እንደሆንኩ አላነበውም" አለችኝ።

ኦፕሬተሯ አታይም። በዘጠኝ ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ብርሃኗን ይዞ ሄደ። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ከደረጃው ሥር ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጣ "ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝ?" ስትል ትውላለች። ክፍሏን ራሷ ናት የመረጠችው፤ "መስኮት ለሚያይ ስጡት" ብላ። የሁለት መቶ ሰው ቁጥር በጣቷ ጫፍ ነው። ደዋዩ ቆጣ ያለ ይሁን ሊለምን የመጣ ይሁን፣ "ሃሎ" ሲል ታውቀዋለች።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድሟ የእኛው ሰርቪስ ሾፌር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። የወንድሟ ሚስት ልብስ ትሰፋለች፤ አፏ እንደ መርፌዋ የሰላ ነው፤ ልቧ ግን ጥጥ ነው።

እናታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ኦፕሬተሯ ወንበር ላይ ተቀምጣ የግድግዳውን ሰዓት ቀጭ ቀጭ ስትቆጥር ዋለች። እንባዋን ብትጠራው አልመጣም። ከዚያ ወዲህም አልመጣም። ሳቅም እንዲሁ፤ ከአፏ ይወጣል እንጂ ሆዷ አያውቀውም። "እንደ ቆፈን ነው" አለችኝ አንድ ቀን። "እጅሽ እንዳለ ታውቂያለሽ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አታውቂም።"

እናታቸው ትተውላቸው የሄዱት አንድ ደንብ ነው። ልጆች ሳሉ ለትምህርት ቤት የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሁሉ፣ እርሳስም ይሁን የመምህር ወረቀት፣ ማታ ጫማቸው ውስጥ ያስቀምጡላቸው ነበር። "ራስ ይረሳል፤ እግር አይረሳም" ይሉ ነበር። ጠዋት እግራቸውን ሲያስገቡ ይቆረቁራቸዋል፤ ያወጡታል፤ ይዘውት ይሄዳሉ። ይኸው ሁለቱም ፀጉራቸው ሸብቶ እንኳ በዚያ ቤት የማይረሳ ነገር ጫማ ውስጥ ያድራል።

ብስክሌቷ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትኖረው። ሁለት ኮርቻ አላት። ሾፌሩ ከሁለት አሮጌ ብስክሌት ቆርጦ፣ ለበያጅ ጓደኛው አሳይቶ፣ ለእህቱ ብሎ ያሠራት ናት። ማርሽ የሚባል የላትም። "ዕቃ ሲበዛ ብልሽት ይበዛል፤ በብርድ ጊዜ ማርሽ ጭቃና ውርጭ ይይዘዋል" ይላል ሾፌሩ። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። እግሬን ላሳርፍ ማለት የለም፤ ብታሳርፍ ራሱ ፔዳሉ አንስቶ ይወስድሃል። ለማቆም በእግር ወደ ኋላ መያዝ ነው፤ ለክፉ ቀን ደግሞ ከፊት አንዲት የእጅ ፍሬን አለች። ይህን እንቢተኛነቷን አይተው በቤት ውስጥ ስሟን "በቅሎዋ" አሏት። የፊትና የኋላው ፔዳል በካቴና፣ በብስክሌት ሰንሰለት፣ የተያያዘ ስለሆነ አንደኛው የረገጠውን ሌላው በእግሩ ይሰማዋል። ወንድሟ ሲደክመው ታውቃለች። ሊዞር ሲያስብ ከመዞሩ በፊት ታውቃለች። ሲናደድ ፔዳሉ ይነግራታል።

እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። የትም አይደርሱም፤ ከከተማ ወጥተው የግድቡን ውኃ አንድ ጊዜ ዞረው ይመለሳሉ። ጎረቤት "ወዴት ናችሁ በዚህ ብርድ?" ሲላቸው ሾፌሩ "ተመልሰን ልንመጣ" ይላል። ለእሷ ግን ያቺ እሁድ ሌላ ነገር ነበረች። በሳምንቱ ስድስት ቀን ሰው ክርኗን ይዞ ነው የሚያስኬዳት፤ ደግ ሰውም፣ እጁ የሚያልበው ሰውም። እሁድ የሚይዛት የለም። ነፋሱ ፊቷን ይመታታል፤ እግሯ እንደ ማንም ሰው እግር ይሠራል። ልቧ እንደ በድን ሆኖ እንኳ እግሯ ሙቀት ያገኝ ነበር። "ደስ ይልሻል?" ብላት "አላውቅም፤ ግን ከስድስቱ ቀን ያኛው ይሻላል" አለችኝ።

ቅዳሜ ማታ የብስክሌቷ ዝግጅት የእሷ ሥራ ነው። ካቴናውን ዓይን በዓይን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ዘይት ትቀባለች፣ ጎማ ትነፋለች። መጨረሻ ላይ መፍቻዋን ታነሳለች። ሁለት ጣት የምታክል፣ እጀታዋ በመጋዝ ያጠረች መፍቻ ናት። እንዲህ ያለ ብስክሌት ካቴናው ከላላ አይሆንም፤ ከጥርሱ ወጥቶ ጎማውን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል፤ የኋላውን ብሎን ማጥበቂያ ሳይዙ አይወጣም። ስለዚህ መፍቻዋን በወንድሟ የቀኝ ጫማ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጠዋት እግሩን ሲያስገባ "እህ፣ አለሽ ለካ" ይልና ኪሱ ይከታታል።

ያን እሁድ "እህ" አላለም። እሷም አላስተዋለችም። ውርጩ ከባድ ስለነበር ሁለቱም ሁለት ሁለት ካልሲ ደርበው፣ ከቁጥራቸው የሚሰፋ፣ ጫፉ ላይ ከማታው ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት የብርድ ጫማ አድርገው ነበር የወጡት።

መንገዱ ላይ የእሁድ ብስክሌተኞች አለፏቸው፤ ጠባብ ልብስ የለበሱ፣ ባለ ሃያ ምናምን ማርሽ።

"ሾፌሩ፣ ማርሽ ግዛላት እንጂ!" አለ አንዱ።

"በቅሎ ማርሽ አላት እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"በዚህ አያያዛችሁ መቼ ልትደርሱ ነው?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ አራት እግር አለን።"

ሰዎቹ እየሳቁ ራቁ። ኦፕሬተሯ ግን "አራት እግር" ያለው ላይ ቀረች። ለስድስት ሰባት እሁድ ያህል ልትነግረው ፈልጋ ያልነገረችው ነገር ነበር። በካቴናው የሚሰማት እግር ሦስት ነው የሚመስለው። የሷ ሁለት፣ የሱ ግራ፤ ቀኙ ግን እንደ እግር አይመጣም። ዘግይቶ፣ እንደ ተጣለ ከረጢት፣ ክብደቱን ብቻ ይዞ ይወርዳል። አንዳንዴ ከፔዳሉ ይንሸራተታል። በቅርቡ ደግሞ ቀኝ እግሩን በጠፍር ከፔዳሉ ጋር ማሰር ጀምሯል፤ "እንዳይበርደኝ ነው" ብሏታል። ጠፍር ሲያሞቅ ሰምታ አታውቅም።

ወደ ግድቡ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ በእግር መያዝ ነበረባቸው። ግራው ያዘ። ቀኙ አልያዘም። የእጅ ፍሬኗም በውርጭ ደርቃ አልያዘችም፤ ብስክሌቷ ፈጠነች፤ ፔዳሉ እግራቸውን ይዞ መሽከርከር ጀመረ። ኦፕሬተሯ ጥርሷን ነክሳ በሁለት እግሯ ወደ ኋላ ተጫነች። ጭኗ ተቃጠለ። ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነው ቀስ ያለችው። ያቆመቻት እሷ እንደሆነች ሁለቱም በእግራቸው ያውቃሉ።

ውኃው ዳር ሲቆሙ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ጠጠር ወረወረላት፤ ውኃው በረዶ ሆኖ መርጋቱን በጆሮዋ እንድታውቅ። ጠጠሩ ቧ አላለም። እየዘፈነ፣ እየቀጠነ፣ ሩቅ ድረስ ተንሸራተተ።

"ሰማሽ እታለም? እስከ መሀል ረግቷል።"

"ሰማሁ ጋሼ።"

ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳላት። ሻዩን ሲሰጣት ካቴናው መላላቱን ነገራት፤ በቁልቁለቱ ብሎኑ ሳይፈታ አልቀረም።

"መፍቻዋን አምጣታ" አለችው።

"አንቺ ጋ ናት።"

"እኔ ጋ ምን ታደርጋለች? ጫማህ ውስጥ ነው ያደረችው።"

"አልነበረችም።"

"በቀኙ ውስጥ ነው ያደረግኋት። በእጄ።"

"አልነበረችም አልኩሽ፤ ብትኖር አይሰማኝም?"

ኪሱን ፈተሸ፤ ቦርሳውን ገለበጠ። እሷ ሻይዋን ይዛ ቆመች። መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማች። የጫማ ክር ሲፈታ ሰማች። ትንሽ ቆይቶ በውርጭ የደረቀው መሬት ላይ ብረት ሲወድቅ ሰማች።

ጎንበስ ብላ ዳበሰችና አገኘቻት። በዚያ ብርድ ብረት የነካ ጣት ይጣበቃል፤ መፍቻዋ ግን ሞቃለች። ሞቃ ብቻ አይደለም፤ ርሳለች። ጣቷን ከጣቷ አሸችው። ዘይት አልነበረም።

"ቦርሳው ውስጥ ነበረች ለካ" አለ ሾፌሩ።

ኦፕሬተሯ ለሁለት መቶ ሰው ውሸት ጆሮ አላት። ለወንድሟ ውሸት ግን ጆሮ አላስፈለጋትም፤ መፍቻዋ እጇ ላይ ነበረች።

"ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብረት ረግጠህ ነው የነዳኸው።"

"ብርድ ነው እንግዲህ። ሰው ሁሉ እግሩ ይደነዝዛል። ያንቺ አልደነዘዘም?"

"ደንዝዟል። ግን ጠጠር ሲገባበት ያውቃል።"

ብሎኑን አጠበቀ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አጥብቆ ሲጨርስ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ተናገረ።

"ካለፈው ዓመት ብርድ ጀምሮ ነው። ጣቶቹ ነበሩ መጀመሪያ። አሁን እስከ ቁርጭምጭሚት። ሲሞቅ ይለቃል።"

"በሙቀቱ ወራት ለቆህ ነበር?"

መፍቻዋን ኪሱ ከተታት።

"ሐኪም አይተሃል?"

"ሐኪም ካየው ወረቀት ይጽፋል። ወረቀት ከጻፈ መንጃ ፈቃዴን ይይዙታል። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ እታለም። ለሷም እንዳትነግሪያት።" ሷ ያለው ሚስቱን ነው። "ደግሞ እኔ ከወረድኩ አንቺን ማን ይወስድሻል እሁድ?"

ይህችን መጨረሻ ላይ አመጣት። ክፋት አልነበረውም፤ እውነቱን ነው። እሷም ያሰበችው ያንኑ ነበር፤ ከእሱ ቀድማ ማሰቧ አሳፈራት፤ ሐፍረቱም ቢሆን ከሩቅ ነው የመጣላት፣ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ወሬ።

ሲመለሱ ዳገት ነበር። ፔዳል እየረገጠች ሰርቪሱን አሰበች። አርባ ሦስት ሰው እንሳፈራለን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እርጉዝ ናት፤ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ከአደባባዩ በኋላ ያለው ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይይዘዋል። ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። በቅሎዋ ላይ ቀኙ ሲያንስ የሷ ሁለት እግር ነበረላት። ሰርቪሱ ላይ ማንም ከኋላ ሆኖ አይይዝም።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ "እንደ ዕንጨት ደርቃችሁ መጣችሁ! ሰው በእሁድ ያርፋል፣ እናንተ ትቀጣላችሁ" እያለች ውኃ አሞቀች። ሾፌሩ እግሩን አልነከረም። "ቆይ፣ ቆይ" እያለ ካልሲውን ራሱ ይዞ ጓሮ ወጣ። ሚስቱ "ዛሬ ደግሞ ባሌ ካልሲ አጣቢ ሆኗል፤ ምን ጉድ ነው?" ብላ ሳቀች። ኦፕሬተሯም ሳቀች። ቀኑ እንዲህ አለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

ማታ ስትተኛ ልቧን ጠየቀችው። ወንድሟን ትወዳለች፤ ይህን የምታውቀው ግን ድሮ ስለምታውቀው ነው እንጂ አሁን ስለሚሰማት አልነበረም። "ስሜት ቢኖረኝ አለቅስ ነበር፣ አልቅሼም ዝም እል ነበር" አለችኝ። "ስሜት ስለሌለኝ ነው መሰለኝ ያሰብኩት።"

በማግስቱ ሰኞ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። ኮሪደሩን በእጇ እየዳበሰች ሄዳ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ የሰርቪሱን ቁልፍ አወረደች። ሰርቪሱ የሚያድረው ከሰፈሩ ጋራዥ ነው፤ ቁልፉ ከሾፌሩ ጋር። ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥታ ወንድሟ ለሥራ የሚያደርገው የቀኝ ጫማ ውስጥ አስቀመጠችው። ቀለበቱን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለች። ከዚያ ስልኩን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለራሷ እንዲህ ብላ ነበር፤ "እህ ካለ ሻይዬን ጠጥቼ ከኋላው ሰርቪሱ ላይ እሳፈራለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም።"

ሾፌሩ ተነሳ። ፊቱን ታጠበ። ዳቦ በላ። ጫማውን አደረገ፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ክሩን ሲጎትት ሰማች። ጆሮዋን አቀናች። ተነስቶ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

"እህ" አላለም።

"ቁልፉስ?" አለ ሚስማሩ ጋ ቆሞ። "ቀለበቱ ብቻ ነው ያለው።"

"ኪስህን እይ" አለች ሚስቱ።

"አየሁ።"

"የትናንቱን ኮትስ?"

"እሱንም አየሁ።"

"እንግዲህ ዓይን ያለህ አንተ ነህ፤ እኔ በመነጽር፣ እሷ በእጇ። ዓይንህን ግለጥ።"

ኮሪደሩን ተመላለሰ። መኝታ ቤት ገባ፤ ወጣ። ብስክሌቷን አንስቶ ከሥሯ አየ። ኦፕሬተሯ እርምጃውን ቆጠረች። ሠላሳ ሲሞላ ለማቆም አስባ ነበር፤ ሠላሳ ሞላ፤ አላቆመችም። አርባ ሦስት ሲሞላ ቁጥሩን መታች።

"ስምሪት ክፍል? ከኦፕሬተር ነው። የአንድ ቁጥር ሰርቪስ ሾፌር ዛሬ አይነዳም። ተጠባባቂ ይላክ፤ መለዋወጫ ቁልፍ ይያዝ።"

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ሰውየው።

"ቀኝ እግሩ አይሰማውም።"

በሥራ ድምፅዋ ነው የተናገረችው፤ "ማንን ላገናኝ" በምትልበት። ስልኩን ዘጋች። ኮሪደሩ ውስጥ እርምጃው ቆሟል።

"ምን አደረግሽ?" አለ ሾፌሩ።

"ጋሼ፣ ቁልፉ ጫማህ ውስጥ ነው።"

"የቱ ጫማ?"

"የቆምክበት።"

ሚስቱ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። ወንበር ተጎተተ። ክር ተፈታ። ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። ሚስቱ ካልሲውን ስታወልቅ የትናንቱን ቁስል አየች መሰለኝ። "ተነስ፣ ካፖርትህን ልበስ፣ ሐኪም ቤት ነን" አለችው። ሾፌሩ በእህቱ አጠገብ አልፎ ከሚስቱ ጋር ወጣ። ግራ እግሩ ደረጃውን ሲመታ ሰማች፤ ቀኙም ሲወድቅ።

ኦፕሬተሯ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ቁልፉን ከወለሉ ዳብሳ አነሳችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። በትሯን ይዛ ብቻዋን ፌርማታው ድረስ መጣች፤ ብቻዋን ስትመጣ ያየኋት የዚያን ዕለት ነው። ተጠባባቂው ሾፌር አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ፤ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ነበር። ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ሾፌራችን ምን ሆነ?" አልኳት።

"እግሩን አሞታል" አለች።

ቁልቁለቱ ላይ አዲሱ ሾፌር ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። እሷ ወንበሩን አልያዘችም። ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ወደ ኋላ ተጫነች። አደባባዩን ካለፍን በኋላ ጎንበስ ብላ ቀኝ ጫማዋን አወለቀች፤ ያልተሰማት ነገር እንዳለ እጇን ከታ እስከ ጫፉ ድረስ ዳበሰችው፤ አራገፈችው። ባዶ ነበር። መልሳ አደረገችው፤ ክሩንም አሰረች።